የእርሳስ አቧራና የሴቶች እንጀራ፤ የዶክተር አሊስ ሐሚልተን የሕይወት ታሪክ

ከመርካቶ ልዩ ልዩ ተራዎች መካከል ሶማሌ ተራ የሚታወቀው በመኪና መለዋወጫ ንግዱ ነው። በዚህ ሰፈር አሮጌ ሞተር ይፈታል፤ ላሜራ ይቀጠቀጣል፤ ብረት ይበየዳል፤ ቀለም ይረጫል፤ ያረጀ ባትሪ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። ስለ ሰፈሩ ሲነገር በቅድሚያ የሚታሰበው ወንዱ ነው፤ ነጋዴው፣ መካኒኩ፣ በያጁና ደላላው። ነገር ግን ከመበየጃው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ሻይና ቡና የምታፈላው፣ ምሳ በየሱቁ የምታደርሰው፣ ውዳቂ ብረትና ፕላስቲክ የምትለየው፣ ማታም ቤቷ ገብታ ዘይትና አቧራ የጠገበውን የባሏን ቱታ የምታጥበው ሴት የምትተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። በሥራ ምክንያት ስለሚደርስ የጤና ጉዳት በሚያዝ መዝገብ ላይ ግን የእርሷን ድርሻ ማግኘት ያስቸግራል።

እንዲህ ያለውን የመዝገብ ጉድለት በሌላ አገር፣ ከመቶ ዓመት በፊት ተመልክተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት አንዲት ሐኪም ነበሩ። እኒህም አሜሪካዊቷ ዶክተር አሊስ ሐሚልተን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ከአገራችን አዋጅ ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንጠይቃለን።

ዶክተር አሊስ የካቲት ወር 1869 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በኢንዲያና ግዛት በፎርት ዌይን ነው። ስለ ጥንታዊት ግሪክ በጻፏቸው መጻሕፍት የታወቁት ኢዲት ሐሚልተን ታላቅ እኅታቸው ነበሩ። የአባታቸው ንግድ በመክሰሩ ልጆቹ እንጀራቸውን በራሳቸው ሙያ ማግኘት ነበረባቸው። አሊስ ሕክምናን የመረጡት ሐኪም በየትኛውም አገርና በማንኛውም ዓይነት ሕዝብ መካከል ለሰው ሊጠቅም ይችላል ብለው ስላመኑ ነው። በ1893 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ቀጥሎም ወደ ጀርመን ተሻግረው በላይፕዚግና በሙኒክ ሲያጠኑ፣ ወደ ትምህርት አዳራሹ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው ተጠንቅቀው እንዲቀመጡ በማሳሰብ ነበር።

በ1897 በቺካጎ በአንድ የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት የፓቶሎጂ መምህርት ሆነው ሲቀጠሩ፣ መኖሪያቸውን ጄን አዳምስ ከጓደኛቸው ጋር በ1889 ባቋቋሙት ሐል ሐውስ በተባለው የማኅበራዊ አገልግሎት ቤት አደረጉ። ቤቱ የሚገኘው ከጣሊያን፣ ከግሪክ፣ ከሩሲያና ከሌሎችም አገሮች የፈለሱ ድሆች በተጨናነቁበት ሰፈር ነበር። ዶክተር አሊስ ሕፃናትን የሚያጥቡበትና እናቶችን የሚመክሩበት ክሊኒክ ከፈቱ። በዚያ ሲሠሩ ብርቱ ጎልማሶች ከፋብሪካ ሲመለሱ እጃቸው ዝሎ፣ ሆዳቸውን ቆርጧቸው፣ ፊታቸው ገርጥቶ መታየቱ ከድህነት የተለየ ምክንያት እንዳለው መጠርጠር ጀመሩ።

ከዚያው ዘመን ሥራቸው መካከል አንድ ስሕተታቸው ሊነገር የሚገባው ነው። በ1902 በሰፈሩ የታይፎይድ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ በሽታውን ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚያጓጉዘው ዝንብ ነው የሚል ጥናት አቀረቡ። ጥናቱ ታላቅ ምስጋና አስገኘላቸው። በኋላ ግን ዋናው ምክንያት የቆሻሻ ፍሳሽ ከመጠጥ ውኃው ቧንቧ ጋር መቀላቀሉና ባለሥልጣኖችም ጉዳዩን መሸፈናቸው ታወቀ። ዶክተር አሊስ ይህን ስሕተታቸውን በሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ ላይ ሳይሸሽጉ ጽፈውታል። ለባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም፤ የሚጣፍጥ መልስ ሁሉ እውነተኛ መልስ አይደለምና።

በ1908 የኢሊኖይ ግዛት በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችን የሚመረምር ኮሚሽን ሲያቋቁም እርሳቸውም አባል ሆኑ፤ በ1910ም የግዛቱን ጥናት እንዲመሩ ተመደቡ። ከመርዞቹ ሁሉ ለራሳቸው የመረጡት እርሳስ የተባለውን ብረት ነበር። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝና በጀርመን ስለዚህ መርዝ ብዙ ተጽፎ ሕግም ወጥቶለት ሳለ፣ የአሜሪካ አሠሪዎች ግን የእኛ ፋብሪካ ንጹሕ ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። ሐኪሟ መልሱን የፈለጉት በመጻሕፍት ቤት ብቻ አይደለም። የሆስፒታል መዝገብ አገላበጡ፤ መድኃኒት ሻጮችን፣ ቄሶችንና የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችን ጠየቁ፤ በየሠራተኛው ቤት እየገቡ ሚስቶችን አነጋገሩ። ፋብሪካው የሚደብቀውን ሕመም ሚስት ታውቀዋለችና። በዚህ መንገድ እርሳስ ከ70 በሚበልጡ የሥራ ዓይነቶች ውስጥ እንደሚገኝ ለይተው፣ ከ500 የሚበልጡ የመመረዝ ሁኔታዎችን መዘገቡ።

የጥናቱ ፍሬ ነገር ይህ ነበር። አሠሪዎች ሠራተኛው የሚመረዘው እጁን ሳይታጠብ ስለሚበላ ነው እያሉ ጥፋቱን በራሱ በተጎጂው ላይ ይጥሉ ነበር። ዶክተር አሊስ ግን ዋናው መግቢያ አፍንጫ መሆኑን አሳዩ፤ መርዙ የሚገባው ከአቧራውና ከቀለጠው ብረት ከሚነሣው ጢስ ጋር ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ብቻ ሳይሆን አቧራውን ከምንጩ ማስቀረት ሆነ። በ1911 ኢሊኖይ ሕግ አወጣ፤ አሠሪው የመከላከያ እርምጃ እንዲወስድና በአደገኛ ሥራ የተሰማራው ሠራተኛ በየወሩ በሐኪም እንዲመረመር አስገደደ። በዚያው ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት ምርመራውን በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲቀጥሉ ጋበዛቸው። ደመወዝ አልነበረውም፤ ጥናቱ ሲጠናቀቅ መንግሥት ይገዛቸዋል። ወደ ፋብሪካ በግድ የመግባት ሥልጣንም አልነበራቸውም፤ በር የሚያስከፍታቸው ትሕትናቸውና የያዙት ማስረጃ ብቻ ነበር።

በ1919 ዶክተር አሊስ በእርሳስ ኢንዱስትሪዎች ስለሚሠሩ ሴቶች የጻፉት ዘገባ በመንግሥት ታተመ። ሴቶች በሸክላ ፋብሪካዎች ውስጥ እርሳስ ያለበትን ማንጸባረቂያ ሲቀቡና ሲፍቁ አቧራው በፊታቸው ላይ ይበን ነበር። መርዙ ሆድ ቁርጠት፣ የደም ማነስና የእጅ መልፈስፈስ ከማምጣቱ ሌላ ጽንስን ያጨናግፋል፤ ሕፃኑ ሞቶ እንዲወለድም ያደርጋል። የዛሬው ሳይንስ ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ አብራርቶታል። እርሳስ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ተከማችቶ ይቆይና በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ወደ ደም ይመለሳል፤ ከደምም ወደ ጽንሱ ይሻገራል። ጉዳት የማያስከትል ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠን እንደሌለም የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ ተወለደ። ሥራው ሴትን የሚጎዳ ከሆነ ሴቲቱ ከሥራው ትውጣ ወይስ መርዙ ከሥራው ይውጣ? በ1921 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ነጭ እርሳስ በሚጠቀም የኢንዱስትሪ ቀለም ቅብ ሥራ ሴቶች እንዳይሰማሩ ከለከለ። ዶክተር አሊስም በድካም የተገኙት ሴቶችን የሚጠብቁ ሕጎች እንዳይፈርሱ በመስጋት፣ ለሁለቱ ጾታዎች ፍጹም እኩል መብት ይሰጣል የተባለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሐሳብ ለብዙ ዓመታት ተቃወሙ። ሌሎች ሴቶች ደግሞ ጥበቃ እየተባለ እንጀራችን ይወሰዳል ብለው ተከራከሩ። ዶክተር አሊስ በ1952 ተቃውሟቸውን ትተው ሐሳቡን ተቀበሉ። በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው አቋማቸውን መለወጣቸው ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ያመለክታል።

በዚያው በ1919 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ረዳት ፕሮፌሰር አድርጎ ሾማቸው፤ በዩኒቨርሲቲው መምህራን መካከል የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሆኖም ወደ መምህራኑ ክበብ እንዳይገቡ፣ የእግር ኳስ ትኬት ድርሻ እንዳይጠይቁና በምረቃው በዓል ሰልፍ ላይ እንዳይገኙ ተነገራቸው። በ1935 ጡረታ ሲወጡም ማዕረጋቸው ያው ረዳት ፕሮፌሰር ነበር።

በ1920ዎቹ ዓመታት ሁለት ታላላቅ ክርክሮች ገጠሟቸው። አንደኛው በኒው ጀርሲ የሰዓት ገጽ በራዲየም የሚቀቡ ወጣት ሴቶች ጉዳይ ነው። ልጃገረዶቹ ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ እንዲቀቡ ተምረው ስለነበር መርዙ አጥንታቸውን በላው። ዶክተር አሊስ የተደበቀው የምርመራ ውጤት እንዲወጣና ጋዜጦች ጉዳዩን እንዲይዙት ረዱ፤ አምስቱ ከሳሾች በ1928 ካሣ አገኙ። ሁለተኛው በቤንዚን ውስጥ እርሳስ የመጨመር ጉዳይ ነው። በ1925 በዋሽንግተን በተደረገው ጉባኤ ላይ ጉዳቱ በፋብሪካ ሳይወሰን ለመንገደኛው ሁሉ እንደሚተርፍ አስጠነቀቁ። አልተሰሙም፤ ሽያጩ በሚቀጥለው ዓመት ቀጠለ። ለመኪና የሚውል እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከዓለም ገበያ ጨርሶ የጠፋው አልጄሪያ በተወችበት በ2021 ነው።

ዶክተር አሊስ ሐሚልተን መስከረም ወር 1970 በ101 ዓመታቸው በኮነቲከት ግዛት ዐረፉ። የአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ሕግ የጸደቀው ከዕረፍታቸው ሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ ነበር።

አገራችን በዚህ ረገድ ሕግ አላጣችም። የሙያ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1991 ተቀብላለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ዕረፍት ይሰጣል፤ ለሴቶች አደገኛ ተብለው የተዘረዘሩ ሥራዎችንም ይከለክላል። ነገር ግን አዋጁ የሚመለከተው አሠሪና ሠራተኛ የሆኑትን ነው። በሶማሌ ተራ ከሰልዋን አቀጣጥላ የተቀመጠችው ሴት አሠሪ የላትም፤ የሥራ ውል የላትም፤ የሥራ ተቆጣጣሪው ቢመጣ ስሟ የሚገኝበት ፋይል የለም። የባሏን ቱታ የምታጥበውም እንዲሁ ናት። የተዘረዘረ ክልከላ ለእነዚህ ሴቶች አይደርስም፤ የሚደርስላቸው ጢሱና አቧራው ከምንጩ ሲቀነስ፣ ያረጀ ባትሪ በሕዝብ መካከል እንዳይሰበር ሲደረግ፣ የሥራ ልብስም በሥራ ቦታ ሲቀር ነው።

እንግዲህ የማኅበራችን አባላት ከእኒህ ሐኪም ሕይወት የምንወስደው ትምህርት በእግር መሄድ ነው። ዶክተር አሊስ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ እስኪልክላቸው አልጠበቁም፤ ወደ ሰፈሩ ወርደው፣ ደጃፍ አንኳኩተው መዝገቡን ራሳቸው ጻፉት። ወደ ጤና ጣቢያ የመጣችን እናት ስለ ራስ ምታቷና ስለ ተጨናገፈው ጽንሷ ስንጠይቅ፣ የት ተቀምጣ እንደምትሠራና የባሏ ሥራ ምን እንደሆነ መጠየቅ የሚጨምርብን የአንድ ደቂቃ ድካም ነው። መልሱ በካርዷ ላይ ካልሰፈረ ግን ሕመሟ የሥራ መሆኑን ማንም አያውቅላትም።