ገመዱን ያላላው ሐኪም

በአትክልት ተራ የድንችና የሽንኩርት ጭነት ሲራገፍ ያየ ሰው የገመድን ጥቅም ያውቃል፤ ጭነት እንዳይወድቅ ይታሰራል። ዳሩ ግን ሰውም ወንጀል ሳይኖርበት፣ ልዳን ብሎ የታሰረበት ዘመን ነበር። በአገራችን ወጌሻ አጥንት ሲያቃና ጎበዛዝት በሽተኛውን በጉልበት ይይዙት ነበር። በአውሮፓም የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ያለ ጠፍርና ያለ ብርቱ ረዳቶች አይሆንም ነበር። ይህን ለመለወጥ ከደከሙት አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ነው።

ሲምፕሰን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1811 ዓ.ም. ባትጌት በምትባል ትንሽ ከተማ ከዳቦ ጋጋሪ ቤት ተወለደ። በ14 ዓመቱ ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በተማሪነቱም አንዲት ሴት ያለ ማደንዘዣ ጡቷ ሲቆረጥ ተመለከተ። ልቡ ስላልቻለ ከአዳራሹ ወጥቶ የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሊፈልግ ሄደ። ኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ 30 ዓመት ሳይሞላው፣ በ1840 ዓ.ም.፣ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1846 ዓ.ም. በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የኤተር ማደንዘዣነት በታየ ጊዜ፣ ሲምፕሰን ከዚያ የሚሻል መድኃኒት ይፈልግ ጀመር። በኖቬምበር 4 ቀን 1847 ዓ.ም. ማታ በቤቱ ከሁለት ሐኪሞች ጋር ክሎሮፎርም አሸተተ፤ ሦስቱም ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ከጥቂት ቀን በኋላ መድኃኒቱን ለወላድ ሰጠ። ነገር ግን ያለ አደጋ አልነበረም፤ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ የእግር ጥፍሯ ሊነቀል ክሎሮፎርም ተሰጥቷት ሞተች። ሲምፕሰን በ1870 ዓ.ም. አረፈ። የእኛው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ኋላ በዚያው በስኮትላንድ ተምረዋል።

ጠፍሩ ግን ጨርሶ አልቀረም። ዛሬም በመድኃኒት በከፊል ያንቀላፋ በሽተኛ ሳያውቅ እጁን ወደ ቁስሉ ሊሰድ፣ ወይም ከጠባቡ ጠረጴዛ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ክንዱና ጭኑ በለስላሳ ጠፍር ይያዛል። ከጠበቀ ግን ነርቭን ይጎዳል። ስለዚህ ምክንያቱ ለበሽተኛው መነገር ያለበት ሳይደነዝዝ ነው። ተኝቶ ቢታገልም፣ አስተዋይ ሐኪም ጠፍሩን ከማጥበቁ በፊት ሕመም ተሰምቶት ወይም ትንፋሽ አጥሮት እንደሆነ ይመረምራል።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ነገ በሰው ላይ ሥልጣን ሲኖርህ ይህን አስብ፦ የሚታገለውን ሰው ማሰር ቀላል ነው፤ የሚያታግለውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ግን ዕውቀትና ርኅራኄ ይጠይቃል።