አውግስጢኖስና የተሰረቀው ፍሬ

ልጅ አጥፍቶ ሲገኝ ለምን እንዲህ አደረግህ ብንለው፣ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው ይለናል። እኛም እንቆጣለን፤ ሰው አውቆ የሚሠራው ነገር እንዴት ያለ ምክንያት ይሆናል እንላለን። ይህንኑ ጥያቄ በገዛ ራሱ ጥፋት ላይ ያነሣ አንድ የጥንት መምህር ነበርና፣ ውድ ዕጩ መምህራን፣ የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን።

አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ354 በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬዋ አልጄሪያ ውስጥ፣ ታጋስቴ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፓትሪሲዩስ፣ እናቱ ሞኒካ ይባላሉ። በልጅነቱ ኳስ ሲጫወት ትምህርቱን ችላ እያለ ብዙ ተገርፏል። አድጎ ይህን ሲያስታውስ፣ ገራፊው መምህር ራሱ ከባልደረባው ጋር በማይረባ ነገር ተከራክሮ ሲረታ፣ በኳስ ከተሸነፈው ልጅ ይበልጥ በቅናት ይቃጠል እንደነበር ጽፏል።

በ16 ዓመቱ የትምህርት ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ቤት ዋለ። ሥራ ፈት ጎረምሳ መቼም አርፎ አይቀመጥም። አንድ ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ፒር የሚባለውን ፍሬ ከሰው ዛፍ ላይ አራግፎ ሰረቀ። አልተራበም፤ ከዚያ የተሻለ ፍሬም ነበረው። ጥቂት ቀምሰው የቀረውን ለአሳማ ጣሉት።

ከዚያ በኋላ በካርቴጅ ተማረ፤ በታጋስቴ አስተማረ፤ በካርቴጅም የንግግር ጥበብ አስተማረ። በ383 ወደ ሮም ቢሻገር፣ የዚያ ተማሪዎች የክፍያው ቀን ሲደርስ እሱን ትተው ወደ ሌላ መምህር የሚሄዱ ሆነው አገኛቸው። በ384 ሚላኖ ገብቶ አስተማረ፤ በ387 በጳጳሱ በአምብሮስ እጅ ተጠመቀ። ወደ አገሩ ተመልሶ የሂፖ ከተማ ጳጳስ ሆነ።

ኑዛዜ የተባለውን መጽሐፉን የጻፈው ዕድሜው 40 ካለፈ በኋላ ነው። ያቺ የልጅነት ስርቆት ግን ገና አልለቀቀችውም ነበር። ነፍሰ ገዳይ እንኳ የሚገድለው ለገንዘብ፣ ለበቀል ወይም ከፍርሃት የተነሣ ነው፤ እኔስ ምን ፈልጌ ነበር ብሎ ራሱን መረመረ። መጀመሪያ የወደድኩት ጥፋቱን ራሱን ነው አለ። በዚህም አልረካም። የተከለከለውን በማድረግ ነፃ የወጣሁ መስሎኝ ይሆን ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻም ብቻዬን ብሆን ኖሮ ፈጽሞ አላደርገውም ነበር ወደሚለው ደረሰ። አብሮ መሳቁ፣ ጓደኛ ና እንሂድ ሲል አልሄድም ለማለት ማፈሩ ነበር የገፋፋው። ምክንያቱን ፍሬው ላይ ቢፈልግ አጣው፤ ጓደኞቹን ሲያስብ አገኘው።

አውግስጢኖስ በ430፣ ቫንዳሎች ሂፖን ከበው ሳለ፣ በ75 ዓመቱ አረፈ።

ነገ ክፍል ውስጥ መስኮት የሰበረ ልጅ ዝም ብዬ ነው ቢለን፣ ዋሸህ ብለን አንቸኩል። ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ 40 ዓመት ያለፈው ሊቅ ብዙ የደከመበትን ነገር የ10 ዓመት ልጅ ባንድ ጊዜ ከየት ያመጣዋል? በዱላ ብናስጨንቀው ምክንያት ፈጥሮ ይነግረናል እንጂ እውነቱን አናገኝም። ይልቅስ ሌላ ጥያቄ እንጨምርለት፤ ብቻህን ብትሆን ኖሮ ታደርገው ነበር ወይ እንበለው። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ መስኮቱም ይጠገን። ልጁ ግን ራሱን መመርመር የሚማረው ጠያቂው ታግሦ ሲጠብቀው ነው።