ሰር ጆን ቻርንሌ እና የአጥንት ሲሚንቶ

በጎጃም ደጋ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ስብራቱ ቆዳን የቀደደ ከሆነና ሕክምናው ከዘገየ አጥንቱ ሊመረቅዝ ይችላል፤ በደም የሚጓዝ መድኃኒትም ወደ ሞተው አጥንት በበቂ መጠን አይደርስም። መድኃኒትን በቁስሉ ስፍራ ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቅ ባለ ቀዳዳ የአጥንት ሲሚንቶ የሚጠናው በዚህ ምክንያት ነው። የጥናቱ መሠረት ከእንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ከሰር ጆን ቻርንሌ ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነው።

ቻርንሌ እ.ኤ.አ. በ1911 በላንክሻየር፣ በበሪ ከተማ ተወለዱ። በማንቸስተር ሕክምና ተምረው በ1935 ተመረቁ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በወታደር ሐኪምነት አገለገሉ። ኋላም ቀድሞ የቲቢ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረው በራይቲንግተን ሆስፒታል የዳሌ ቀዶ ሕክምና ማዕከል መሠረቱ።

በጥርስ ሕክምና የታወቀውን አክሪሊክ ወስደው ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያን በአጥንት ውስጥ አጸኑበት። ሲሚንቶው እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ሳይሆን በአጥንቱ ቀዳዳዎች ሰርጎ ሸክምን የሚያከፋፍል መሆኑንም አስረዱ። ሆኖም ለመገጣጠሚያው ጽዋ የመረጡት ቴፍሎን በጥቂት ዓመታት አለቀ፤ ብዙ ሕሙማንም ዳግም ቀዶ ሕክምና አስፈለጋቸው። ቻርንሌ ስሕተቱን አልሸሸጉም። የቴፍሎኑንና የአዲሱን ፖሊኤትሊን ብናኝ በገዛ ጭናቸው አስገብተው የሰውነትን ምላሽ መረመሩ፤ ከ1962 ጀምሮም በፖሊኤትሊን ሠሩ።

ሁለተኛው ፈተና ምርቀዛ ነበር። በቀዶ ሕክምና ክፍላቸው የተጣራ አየር እንዲዘዋወር በማድረግና በሌሎች ጥንቃቄዎች ከ7 በመቶ በላይ የነበረውን የምርቀዛ መጠን ከ1 በመቶ በታች አወረዱት። በሐምቡርግ ደግሞ ሐንስ ቡኽሆልትስ ጄንታማይሲንን ከሲሚንቶው ጋር ቀላቅለው፣ ውጤታቸውን በ1970 አሳተሙ።

የዛሬው ተመራማሪ የሚታገለው ከዚህ በተወረሰ ቅራኔ ነው። አክሪሊክ ስለማይሟሟ መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚወጣው ከገጹና እርስ በርስ ከተያያዙ ቀዳዳዎች ነው፤ የቀረው ታፍኖ ይቀራል። ቀዳዳው ሲበዛ ልቀቱ ይጨምራል፣ ሸክም የመሸከም ኃይሉ ግን ይደክማል። ልቀቱ አንሶ ሲጓተትም መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ሊፈጠሩ ይችላሉ።

ቻርንሌ በ1982 ዐረፉ። ሕሙማናቸውን ለዓመታት ይከታተሉ ነበር፤ ፈቃደኞቹ ሲሞቱም መገጣጠሚያው ወጥቶ እንዲመረመር ያደርጉ ነበር። ስለዚህ በቤተ ሙከራ የተለካ የጥቂት ሳምንታት ልቀት የጥናቱ መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያው አይደለም፤ መደምደሚያው ታማሚው ተነሥቶ በእግሩ ከሄደ በኋላ በሚቆጠሩት ዓመታት ይታያል።