ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እና የአማርኛ ዓረፍተ ነገር

ዋና ከተማው ዛሬ ዓለም ከተማ የሆነው መርሐቤቴ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ካበረከታቸው ሰዎች መካከል ስመ ጥሩው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ሕይወታቸው በአብዛኛው የሚወሳው ከዲፕሎማሲ ጋር ተያይዞ ነው። ይህ አጭር ጥናት ግን ትኩረቱን በአጻጻፍ ስልታቸው ላይ ያደርጋል፤ የስልታቸው ግልጽነት ያስገኘውን ጥቅምና ያስከፈለውን ዋጋም ያመለክታል።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ ደን በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በቤተ ክህነት ቀስመው በእንጦጦ ራጉኤል አገለገሉ። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው የቃል አያያዝን የሚለምደው ከቅኔ ቤት ነበር። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ብቻ ሙሉ ሐሳብ እንዲቋጠርበት ያስገድዳል፤ ስለዚህ ትርፍ ቃል ወዲያው ይጋለጣል። ኅሩይ ለቅኔ የነበራቸው ፍቅር የቅኔ መድበል እስከ ማሳተም አድርሷቸዋል።

የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ የሚያቀርበው ፈተና ሌላ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ ጸሐፊው ቦዝ አንቀጾችን ሳያቋርጥ ሊደረድር ይችላል፤ አንባቢውም ባለቤቱን ከግሱ ጋር ሳያገናኝ ብዙ ይጓዛል። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ የቋንቋውን ጌጥና ብልጽግና አሳይቶ ነበር። ኅሩይ የመረጡት ሌላ መንገድ ነው። ዓረፍተ ነገራቸው በአብዛኛው ቶሎ ይታሰራል፤ ቃላቸውም ከዕለት ንግግር ብዙም አይርቅም። ማተሚያ ቤት ገና አንባቢ በሚያፈራበት ዘመን ይህ ምርጫ ተደራሽነትን አስገኝቷል።

በአንቀጽ ደረጃም ተመሳሳይ ሥርዓት ይታያል። በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት የመጻሕፍት ካታሎግ መረጃን በየፈርጁ መለየትን የሚጠይቅ ሥራ ነበር። በ1910 ዓ.ም. የታተመው ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ ምክርን በምክር ለይቶ ያቀርባል። በ1915 ዓ.ም. የወጣው የሕይወት ታሪክ ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ሕይወት በአጭር ክፍል ይዘግባል። ግዕዙ አንቀጽ በር ማለት ነው፤ የኅሩይም አንቀጽ አንባቢውን ወደ አንድ ሐሳብ የሚያስገባ በር ነው።

ይህ ግልጽነት በልብ ወለድ ሥራቸው ዋጋ አስከፍሏል። ወዳጄ ልቤ (1915 ዓ.ም.) ምሳሌያዊ ትረካ በመሆኑ ስልቱ ይስማማዋል። የልጅነት ጋብቻን የሚነቅፈው የልብ አሳብ (1923 ዓ.ም.) እና የተዝካር ወጪን የሚተቸው አዲስ ዓለም (1925 ዓ.ም.) ግን ከገጸ ባሕርያቱ ድምፅ ይልቅ የመካሪውን ድምፅ ያጎላሉ። ሁሉም ተናጋሪ በአንድ ዓይነት ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር ሲናገር የሰዎቹ ልዩነት ይደበዝዛል።

ኅሩይ ይህን ሁሉ የጻፉት በመንግሥት ሥራ መካከል ነው። በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ካሳ ጋር ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ በዓል ወደ ለንደን ተጉዘዋል። በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ያደረጉትን ጉዞም በመጽሐፍ አስቀርተዋል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ስትይዝ በኅትመት ላይ የነበረው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ሳይጠናቀቅ ቀረ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ዐፅማቸው ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል።

በጥቅሉ፣ የኅሩይ ስልት ያደላው ለጸሐፊው ክብር ሳይሆን ለአንባቢው መረዳት ነው። በካታሎግ፣ በምክርና በሕይወት ታሪክ ይህ ብልጫ ሆኗል፤ በልብ ወለድ ግን ገደቡ ታይቷል። ስለዚህ የዓረፍተ ነገር እጥረት ብቻውን የጥሩ ጽሑፍ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ዓረፍተ ነገሩ ከተሸከመው ጉዳይ ጋር መመዘን አለበት።