ሥራን በሰዓት የለካው ፍሬድሪክ ቴይለር

ዛሬ በፋብሪካም ሆነ በቢሮ ሥራው በቁጥርና በሰዓት የሚለካበት ሰው ሁሉ፣ ባያውቀውም እንኳ፣ የፍሬድሪክ ዊንስሎ ቴይለር አሠራር ይነካዋል። ስለሆነም የዚህን ሰው ሕይወት ለአንባብያን በአጭሩ ማቅረብ ወደድን። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቴይለር በ1856 በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና ቢያልፍም፣ በዓይን ሕመም ምክንያት ትምህርቱን ትቶ በ1874 በአንድ ፋብሪካ ተለማማጅ ሆነ። በ1878 ሚድቬል በተባለው የብረታ ብረት ፋብሪካ በተራ ሠራተኛነት ተቀጥሮ ካቦ፣ በኋላም ዋና መሐንዲስ ለመሆን በቃ።

ካቦ ሳለ አንድ ነገር አስጨነቀው። ሠራተኞቹ ብዙ ባመረቱ ቁጥር አሠሪው የእያንዳንዱን ዕቃ ክፍያ እንደሚቀንስባቸው ስለሚያውቁ፣ ሆን ብለው በዝግታ ይሠሩ ነበር። ቴይለር ይህን ጠብ በልክ ሊያስታርቅ አሰበ። እያንዳንዱን ሥራ ወደ ትንንሽ እንቅስቃሴዎች ከፋፍሎ ሴኮንድ በሚቆጥር ሰዓት ለካ፤ የተሻለውንም ዘዴ በጽሑፍ አዘዘ።

ከ1898 እስከ 1901 በቤተልሔም የብረታ ብረት ኩባንያ ሲሠራ፣ በቀን 12.5 ቶን ጥሬ ብረት ወደ ባቡር ፉርጎ ይጭን የነበረ ሰው 47.5 ቶን እንዲጭን ማድረጉን ተርኳል። የቀን ደመወዙ ግን ያደገው ከ1.15 ወደ 1.85 ዶላር ብቻ ነበር። የኋላ ተመራማሪዎች ይህ ትረካ የተጋነነ መሆኑን አሳይተዋል። በአካፋ ለሚሠሩትም ለየዕቃው የሚስማማ አካፋ አዘጋጀላቸው፤ ደመወዛቸው ጨመረ፤ ቁጥራቸው ግን ከ400–600 ወደ 140 ወረደ። የብስክሌት ኩሽኔታ ኳሶችን የሚመረምሩ ሴቶች የቀን ሥራቸው ከ10.5 ወደ 8.5 ሰዓት አጠረ፤ ይሁን እንጂ ከ120ዎቹ የቀሩት 35 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በሥራቸው ለቆዩት እፎይታ የሆነው አሠራር ለተሰናበቱት እንጀራ ማጣት ሆነ።

ከዚህም በላይ ሐሳብና እጅ ተለያዩ። ባለሙያው ከአባቶቹ የተማረውን ጥበብ መሐንዲሱ በወረቀት ወሰደበት፤ ለእርሱም ትእዛዝ መፈጸም ብቻ ቀረው። በ1911 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ብረት አቅልጠው የሚቀርፁ ሠራተኞች ሥራቸው በሰዓት መለካቱን ተቃውመው አድማ መቱ። ምክር ቤቱ ጉዳዩን መረመረ፤ ቴይለርም በ1912 ቀርቦ አሠራሩን ተከላከለ። በ1915 የአሜሪካ ምክር ቤት በጦር ሠራዊቱ ፋብሪካዎች የሰዓት ልኬቱን በሕግ አገደ። ቴይለርም በዚያው ዓመት ዐረፈ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 ሬሩም ኖቫሩም በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ሠራተኛ የትርፍ መሣሪያ እንዳልሆነና ከአቅሙ በላይ ሊጫንበት እንደማይገባ አስተምረው ነበር። ልኬት በራሱ ክፉ አይደለም፤ የተመጠነ አካፋ ወገብን ያሳርፋል። ነገር ግን በምንሠራበት ቦታ አዲስ አሠራር ሲመጣ፣ ሥራውን የሚያውቀው ሠራተኛ ተጠይቋልን? ትርፉስ ለማን ደረሰ? የተሰናበተውስ ወዴት ሄደ? ብለን እንድንጠይቅ የቴይለር ሕይወት ያሳስበናል።