የክኒኑ አባት ግሪጎሪ ፒንከስና ክኒኑን የዋጡት ሴቶች

በፋርማኮሎጂ ኮርስ ስለ ወሊድ መከላከያ ክኒን ስንማር የግሪጎሪ ፒንከስ ስም በአንድ መስመር ተጠቅሶ ያልፋል። ፈልሳፊው እሱ ነው፣ አለቀ። እኔም ለፈተና ይበቃኛል ብዬ አልፌው ነበር። ለተግባር ልምምድ ወደ ጤና ተቋም ስንወጣ ግን አንድ ነገር ገጠመኝ። ዕድሜዋ ሰላሳ አካባቢ የምትሆን እናት የሦስት ወሩን መርፌ ከተወጋች ወዲህ ደሟ አልቆም ብሏት መጣች። ያስተናገደቻት ባለሙያ ከካርዱ ላይ ቀና ሳትል ይለመዳል ብላ ሸኘቻት። መርፌው እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል ቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እኔም አጠገብ ቆሜ ምንም አላልኩም። ይሄ ይለመዳል የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ማሰብ የጀመርኩት ያን ዕለት ሲሆን ፍለጋው ወደ ፒንከስ ወሰደኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፒንከስ አፕሪል 9 ቀን 1903 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ዉድባይን በምትባል ትንሽ ቦታ ተወለደ። ዉድባይን ከሩሲያ ተሰደው የመጡ አይሁዳውያን በእርሻ እንዲተዳደሩ የተቆረቆረች መንደር ነበረች። ትምህርቱን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1924 ጨረሰና በሦስት ዓመት ውስጥ ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። በዚያው ሃርቫርድ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ የጥንቸል እንቁላል ላይ ይመራመር ጀመር። በ1934 የጥንቸልን እንቁላል ከሰውነት ውጪ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አዳቀልኩ ብሎ ሲያስታውቅ ጋዜጣው ሁሉ ተንጫጫ። ሰውን በብርጭቆ ሊፈለፍል ነው ተባለ። ሃርቫርድም ቋሚ ቦታ ሳይሰጠው ቀረ። አይሁዳዊነቱም ሳይጎዳው አልቀረም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ።

ሥራ የሌለው ሳይንቲስት ሆነ ማለት ይቻላል። ያነሳው ሃድሰን ሆግላንድ የሚባል የቀድሞ ጓደኛው ነው፤ ዉስተር ከተማ ወደሚገኘው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ አመጣው። በ1944 ሁለቱ ተጋግዘው የዉስተር የሙከራ ባዮሎጂ ፋውንዴሽንን መሠረቱ። ገንዘብ ስላልነበራቸው የግቢውን ሣር የሚያጭደው ዳይሬክተሩ ሆግላንድ ራሱ ነበር ይባላል። ይህን የምጠቅሰው ፒንከስ ከዩኒቨርሲቲ ጥላ ውጪ የሚሠራ፣ ለእያንዳንዷ ዶላር የሰው ደጅ የሚጠና ሰው እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው። የሚቸኩል ሰው ነበር፤ ለመቸኮልም ምክንያት ነበረው።

በ1951 አካባቢ ማርጋሬት ሳንገርን አገኛት። ሳንገር ዕድሜዋን ሙሉ ለወሊድ መከላከያ የታገለች፣ በዚህም የታሰረች ሴት ናት። እንደ አስፕሪን የሚዋጥ መከላከያ ትፈልግ ነበር። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የጥንቸልን እንቁላል መውጣት እንደሚያግድ አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር ፒንከስ ይቻላል አለ። ቻይና ተወልዶ ያደገው የሥራ ባልደረባው ሚን ቹ ቻንግ ሙከራውን በጥንቸሎች ላይ ደገመው፣ ሠራም። በጁን 1953 ካትሪን ማኮርሚክ የምትባል ባለጸጋ ባልቴት ከሳንገር ጋር ቤተ ሙከራውን ጎብኝታ 40,000 ዶላር ሰጠች። ይህች ሴት በባዮሎጂ የተመረቀች ነበረች፤ በኋላም እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከኪሷ አውጥታለች። መንግሥትም ኩባንያም ሊነካው ያልፈለገውን ምርምር የሸፈኑት የሴቶች ገንዘብና የሴቶች ግፊት ናቸው።

ከጥንቸል ወደ ሰው መሸጋገሩ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ፒንከስ የሕክምና ዶክተር አልነበረም፣ ስለዚህ ጆን ሮክ የተባለውን የማህጸን ሐኪም ያዘ። በማሳቹሴትስ ግዛት መከላከያ መስጠት በሕግ የተከለከለ ስለነበር በ1954 በሃምሳ ሴቶች ላይ የተደረገው ሙከራ የመካንነት ጥናት ተብሎ ነው የተካሄደው። በዉስተር የአእምሮ ሆስፒታል ባሉ ሕሙማን ላይም መድኃኒቱ ተሞክሯል። እነዚያ ሕሙማን ፈቃዳቸውን የሚሰጡበት ሁኔታ ላይ አልነበሩም። በዘመኑ እንዲህ ያለው ነገር የተለመደ ነበር ይባላል። ይሁን፤ የተለመደ መሆኑ ግን የሕሙማኑን ሁኔታ አይለውጠውም።

ብዙ ሴቶች ስላስፈለጉ ፒንከስ ዓይኑን ወደ ፖርቶ ሪኮ ጣለ። ደሴቲቱ በሕዝብ የተጨናነቀች፣ ድሃ፣ መከላከያን የሚከለክል ሕግ የሌላትና ክሊኒኮች ያሏት ነበረች። በመጀመሪያ በ1955 የሕክምና ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች እንዲሳተፉ ተደረገ። ክኒኑ ስላመማቸው፣ በየጊዜው የሚፈለግባቸው ሽንትና ምርመራም ስላሰለቻቸው ብዙዎቹ ተዉት። ያቋረጡት ላይ አንድ መምህር በውጤታቸው እንደሚመጣባቸው ማስፈራራቱ ተመዝግቧል። እኛ ተማሪዎች ይሄን ስናነብ ትንሽ ይሰማናል መሰለኝ።

ዋናው ሙከራ በአፕሪል 1956 ሪዮ ፒዬድራስ ውስጥ ተጀመረ። ከደሳሳ ሰፈር ተነስተው አዲስ በተሠሩ የመንግሥት ቤቶች የገቡ እናቶች ተመዘገቡ። በግድ አልነበረም፤ እንዲያውም ልጅ የበዛባቸው እናቶች በደስታ ነው የተቀበሉት። ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ክኒኑን ያድሉ ነበር። ለሴቶቹ የተነገራቸው እርግዝና ይከላከላል የሚለው ብቻ ነው። ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት መሆኑም ሆነ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አልተነገራቸውም።

ሙከራውን በቦታው የምትመራው ዶክተር ኤድሪስ ራይስ-ሬይ ነበረች። ዓመቱ ሳያልቅ ሪፖርት ላከች። ክኒኑ በትክክል ከተወሰደ እርግዝናን በሚገባ ይከላከላል። ነገር ግን ከመቶ 17ቱ ሴቶች ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመምና ትውከት አለባቸው። 10 ሚሊግራሙ ክኒን በአጠቃላይ ተቀባይነት እንዳያገኝ የሚያደርግ የጎንዮሽ ጉዳት አለው ስትል ደመደመች። ሐኪሟ ሴቶቹን በዓይኗ እያየች፣ በጆሮዋ እየሰማች የጻፈችው ነው።

ፒንከስና ሮክ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ፒንከስ ሴቶቹ የሚያማቸው በሐሳባቸው ነው፣ ሠራተኞቹ ሊያማችሁ ይችላል እያሉ ስለሚነግሯቸው ነው አለ። ይህን ለማሳየትም አንድ ጥናት አደረገ። ለአንዳንዶቹ እውነተኛውን ክኒን ከማስጠንቀቂያ ጋር፣ ለሌሎቹ ምንም የሌለበትን ማስመሰያ ክኒን ከማስጠንቀቂያ ጋር፣ ለሦስተኛዎቹ ደግሞ እውነተኛውን ክኒን ያለ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ማስመሰያውን የዋጡትም ብዙዎቹ አመመን አሉ፤ ሳይነገራቸው እውነተኛውን የዋጡት ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ቅሬታ አቀረቡ። ለፒንከስ ነገሩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የጥናቱ ውጤት ውሸት አይደለም፤ የሚጠብቁት ሕመም ሊያም እንደሚችል ዛሬም የምንማረው ነው። ድምዳሜው ግን አልተከተለም። ማስመሰያ ክኒን ሰውን ስላቅለሸለሸ እውነተኛው ክኒን አያቅለሸልሽም ማለት አይቻልም። ቅሬታ ማነሱም ሕመም አነሰ ማለት ላይሆን ይችላል። ክኒኑ ያመጣው ይሁን ሌላ ነገር እንዳታውቅ የተደረገች ሴት ለማን ብላ ታመለክታለች? በኋላ የሆርሞኑ መጠን ሲቀነስ የማቅለሽለሹ ነገርም በጣም መቀነሱ ክርክሩን ጨርሶታል፤ ራይስ-ሬይ ትክክል ነበረች።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። የመጀመሪያው ክኒን ፕሮጄስትሮን መሰል የሆነው ኖሬታይኖድሬል ብቻ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ሳይታሰብ ግን በአሠራሩ ምክንያት ሜስትራኖል የተባለ ኢስትሮጅን በጥቂቱ ተቀላቅሎበት ተገኘ። ሲያጠሩት ሴቶቹ ያለ ጊዜው መድማት ጀመሩ። ስለዚህ ኢስትሮጅኑ ሆን ተብሎ ተመለሰ። ኢኖቪድ ተብሎ ለገበያ የቀረበው ክኒን 9.85 ሚሊግራም ኖሬታይኖድሬልና 0.15 ሚሊግራም ሜስትራኖል ነበረው። ዛሬ በብዛት የምናውቃቸው ጥምር ክኒኖች ያላቸው ኢስትሮጅን ከ0.02 እስከ 0.035 ሚሊግራም ነው። አንዱን የጎንዮሽ ጉዳት ለማቆም የተመለሰው ይህ ኢስትሮጅን ለሌላው፣ ለከፋው ጉዳት በር ከፈተ።

ኢኖቪድ በ1957 ለወር አበባ መዛባት ተፈቀደ። በማሸጊያው ላይ ግን መድኃኒቱ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ታዘዘ። ማስጠንቀቂያው ከማስታወቂያ በለጠ! በሁለት ዓመት ውስጥ የወር አበባቸው ተዛባ የሚሉ አሜሪካውያን ሴቶች በመቶ ሺዎች ሆኑ። በ1960 ደግሞ ለወሊድ መከላከያነት ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱ የቆመው በ897 ሴቶች ላይ በተሰበሰበ መረጃ ነው። ፒንከስ በዓለም ዙሪያ እየተዘዋወረ ንግግር የሚያደርግ ዝነኛ ሰው ሆነ።

በ1961 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ክኒኑን ትወስድ የነበረች ነርስ ሳንባዋ ውስጥ ደም እንደረጋባት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ጻፈ። ከዚያ ሌሎች ሪፖርቶች ተከታተሉ፣ የሞቱም ነበሩ። ፒንከስ ግንኙነቱ አልተረጋገጠም በሚለው ጸና። እውነት ነው፣ በዚያን ጊዜ ማረጋገጫ የሚሆን ጥናት አልነበረም። ጥናቱ ያልነበረው ግን መጀመሪያ ላይ ስላልተፈለገ ነው ብዬ አምናለሁ። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ1967 እና በ1968 ባወጧቸው ጥናቶች ክኒኑና የደም መርጋት መያያዛቸው ታወቀ። በ1969 መጨረሻ የእንግሊዝ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ ኢስትሮጅኑ ከ0.05 ሚሊግራም ያልበለጠ እንዲሆን መከረ።

ፒንከስ ይህን አላየም። በአጥንት መቅኒ በሽታ ሲሰቃይ ቆይቶ ኦገስት 22 ቀን 1967 በ64 ዓመቱ ቦስተን ውስጥ አረፈ። ታሞም ሥራውን አላቋረጠም ነበር። ክፉ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም። ሴቶች ያለፍላጎታቸው በየዓመቱ መውለዳቸው እንዲቆም ከልቡ ፈልጓል፤ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶችም የፈለጉትን አግኝተውበታል። ግን ሕመማቸውን የነገሩትን አላመናቸውም።

በጃንዋሪ 1970 የአሜሪካ ሴኔት ስለ ክኒኑ ደህንነት ምስክር ሲሰማ ከተጠቃሚ ሴቶች አንዲትም አልተጠራችም። ወጣት ሴቶች ከአዳራሹ መካከል ተነስተው በጩኸት ለምን እንዳልተጠየቁ ጠየቁ፤ በቴሌቪዥንም ታየ። በዚያው ዓመት በእያንዳንዱ የክኒን ማሸጊያ ውስጥ ለታካሚዋ የሚነበብ ወረቀት እንዲገባ ታዘዘ፤ መጀመሪያ ከታሰበው ግን በጣም አሳጥረውት ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በአገራችን በብዛት የሚወሰደው መከላከያ ክኒኑ ሳይሆን መርፌው ነው። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ካገቡ ሴቶች 23 በመቶው የሚጠቀሙት እሱን ነበር። መርፌ ደግሞ አንዴ ከተወጋ ወዲያ እንደ ክኒን ነገ ልተወው አይባልም። የልምምዱ ጊዜ ሳያልቅ ከመድኃኒት ክፍሉ አንድ የመርፌ ማሸጊያ ለምኜ ወሰድኩና ከፈትኩት። ወረቀቱ አለ፤ የደም መዛባቱም በግልጽ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ያቺ እናት ደግሞ የመጣችው አማርኛውን እንኳ ልጇ እያነበበላት ነበር።