አስታማሚዋ እቴጌ ጣይቱ

እቴጌ ጣይቱን ሁላችን የምናውቃቸው በዓድዋ ነው። እኛ ግን ዛሬ አስታማሚነታቸውን እናንሣ ብለናል።

በ1902 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሕመሙ ጸንቶባቸው አንደበታቸው ሲታሰር፣ እቴጌይቱ ከአጠገባቸው አልተለዩም። በዚያው ዓመት መኳንንቱ ሥልጣናቸውን ቢወስዱባቸውም ማስታመሙን አልተዉም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እሳቸውም ስድሳውን አልፈው ነበር። ከዚያ ከቤተ መንግሥት ወጥተው እንጦጦ ተቀመጡ፤ በ1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ።

እንግዲህ አስታማሚም ያረጃል። ቅሬያችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ይቀብራል፤ ሽማግሌ አልጋ የያዘበትን ቤት ግን እንረሳለን። ሰኞ ከባቲ ገበያ ስንመለስ ጎራ እንበል፤ ለአንድ ሰዓት እንኳ አስታማሚዋን ተክተን እናሳርፋት።